ያለቀ መርፌ፣ የማይተካ ሸክላ

የሸክላ አድማጭ የመርፌውን እርጅና መጀመሪያ የሚያውቀው በገጹ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ነው። የፊተኞቹ ዘፈኖች ደህና ያልፋሉ። መርፌው ወደ መሐል እየተጠጋ ሲሄድ ግን ዘፋኙ «ሰ» ወይም «ሸ» ባለ ቁጥር ድምፁ ይሻክራል፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ከፍ ሲሉ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የሚያማው ሸክላውን ነው። «ተጭሯል፣ አርጅቷል» ብሎ ወደ ሽፋኑ ይመልሰውና ሌላ ያነሳል። ሌላውም ያንኑ ያደርጋል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መጠርጠር ያለበት በክንዱ ጫፍ ላይ የተገጠመችው ትንሽ ዕቃ፣ ካርትሪጇ ናት።

ችግሩ መሐል ላይ የሚብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቁ ሸክላ ከዳር እስከ መሐል የሚሽከረከረው በአንድ ፍጥነት፣ በደቂቃ 33⅓ ዙር ነው። ዳር ላይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከመርፌው ሥር 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ድምፅ የተቀረጸበት ቦይ ያልፋል፤ መሐል ካለው ወረቀት አጠገብ ሲደርስ ይህ ርዝመት ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የአንድ ሰከንድ ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨናንቆ ይቀመጣል ማለት ነው። ደህና መርፌ በዚያ ጥበት ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ያለቀ መርፌ ግን ጠባቡን ኩርባ መከተል ያቅተዋል።

ካርትሪጅ የምትሠራው ሥራ ከመጠኗ ጋር ሲተያይ ያስደንቃል። ከሥሯ ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ በዓይን ለማየት የምታስቸግር የአልማዝ ቅንጣት አለች። መርፌ የምንላት እሷን ነው። በዘንጉ ሌላ ጫፍ ማግኔት ተተክሏል፤ ማግኔቱን ደግሞ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለሉ ጥቅሎች ከበውታል። አልማዟ በቦዩ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ማግኔቱ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሽቦው ላይም ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ኃይሉ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ለፎኖ (ለሸክላ ማጫወቻ) የተሰናዳ መግቢያ ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጣ ስቴሪዮ ሸክላ ደግሞ በአንድ ቦይ ሁለት ድምፅ ይይዛል፤ ወደ መሐል የሚቀርበው ግድግዳ የግራውን ስፒከር፣ ወደ ዳር የሚቀርበው የቀኙን። አንዲቷ ቅንጣት አልማዝ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታነባለች።

አልማዝ ስለሆነች አታልቅም የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። ታልቃለች። የአንድ ትልቅ ሸክላ አንድ ገጽ ቦይ ተዘርግቶ ቢለካ ከ400 ሜትር በላይ ይሆናል፤ መርፌዋ ይህን ሁሉ በፍትጊያ ነው የምትጓዘው፣ በቦዩ ውስጥ የተኛው አቧራም እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርዳታል። አምራቾች የሚሰጡት የአገልግሎት ዘመን እንደ መርፌው ቅርጽ ይለያያል፤ ከ300 ሰዓት አንስቶ እስከ 1000 ሰዓት የሚሉ አሉ። 500 ሰዓትን መሐከለኛ አድርጎ ቢወስዱ፣ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ሸክላ 750 ጊዜ ማጫወት ማለት ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። በድሮ ማጫወቻዎች ላይ የሚገኘው የሰንፔር መርፌ ደግሞ ከአልማዝ እጅግ ቀድሞ ነው የሚያልቀው።

መርፌ ሲያልቅ ጫፉ ዝም ብሎ ቢዶለዱም ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ድቡልቡል የነበረው ጫፍ ከሁለቱ ግድግዳዎች ጋር በሚነካካበት በግራና በቀኝ ተፈግፍጎ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጠፍጣፋው በሚያልቅበት ቦታ ላይ ስለታም ጠርዝ ይወጣል። ያ ጠርዝ ከዚያ በኋላ ቦዩን እንደ መሮ እየላገ ይሄዳል። በመጀመሪያ የሚላገው ስሱና ቀጭኑ ድምፅ የተጻፈበት ክፍል ነው፤ የጸናጽሉ ጥራት፣ የክራሩ ጫፍ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ። ከግድግዳው ላይ የተላገ ነገር በማጠብም፣ አዲስ መርፌ በመግጠምም አይመለስም። አዲስ ካርትሪጅ በገንዘብ ይገዛል፤ የተበላሸ ሸክላ ግን ሁልጊዜ በገንዘብ አይገኝም።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አፍቃሪ ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ክብደት አለው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» ሲያወጣ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ያንን ጥሶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎችንና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ትልልቆችን አወጣ። ካይፋ ሪከርድስ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975፣ የኃይሉ መርጊያንና የዋሊያስ ባንድን «ቸበለው» በ1977 አሳተመ። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላው ዘመን በአጭሩ ተቀጨ። አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላ ዘመን ነው። የወጡት ሸክላዎች በየመጠጥ ቤቱና በየግብዣው ቀንና ሌሊት ተጫውተዋል፤ ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ጥቂት በመሆኑ አንዳንዱ ዛሬ በሰብሳቢዎች ገበያ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሳተመው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ብዙው ዘፈን በሲዲ ቢመለስም፣ ያልተመለሰም አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ውስጥ የአባቱን ሸክላዎች ከሳጥን ያወጣ ሰው በእጁ የያዘው የቤተሰብ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ምናልባት የዚያ ዘፈን የመጨረሻ ደህና ቅጂ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ዕድሜው የማይታወቅ መርፌ ማሳረፍ ትልቅ ጥፋት ነው።

እርግጥ መጥፎ ድምፅ ሁሉ ከመርፌ የሚመጣ አይደለም። አንዳንዴ መርፌው ላይ የተጠቀለለ የአቧራ ጥጥ ብቻ ይሆናል፤ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ከኋላ ወደ ፊት አንዴ ሁለቴ ማበስ ያድነዋል። ወደ ጎን ማበስ ግን ዘንጉን ያጣምማል። ከአንዱ ስፒከር ድምፅ ከጠፋ በካርትሪጇ ጀርባ ያሉትን ሽቦዎች የግራውን ከቀኙ ማለዋወጥ ነው። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ጥፋቱ ካርትሪጇ ውስጥ ነው፤ እዚያው ከቀረ ደግሞ ሽቦው ወይም አምፕሊፋየሩ ይመርመር። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ዘንጉ ከተጣመመ፣ ወይም የካርትሪጇ ሆድ ሸክላውን ሊነካ እስኪደርስ ከሰመጠ፣ ሌላ ፍተሻ አያስፈልግም። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስበውም። ዘንጉን ወደ ቦታው የምትመልሰው ትንሿ ጎማ ባትሠራም ታረጃለች። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ትደርቃለች፣ ወይም ትላላለች። «ብዙም አልሠራችም» ተብላ የተገዛች የድሮ ካርትሪጅ አልማዟ ደህና ሆኖ ድምጿ ሊበላሽ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጣም በተለመዱት ማግኔት ተንቀሳቃሽ ካርትሪጆች መርፌው ከነዘንጉ ተስቦ ይወጣል፤ ገላዋ ደህና ከሆነ እሱን ብቻ ገዝቶ መሰካት ይበቃል። እዚህ ላይ ሞዴሉን በትክክል ማወቅ ግድ ነው። የአሜሪካው ሹር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅና መርፌ ማምረት አቁሟል፤ ሆኖም በዓለም ዙሪያ በየቤቱ የሹር ካርትሪጅ አለ። ለነዚህ ባለቤቶች የተረፈላቸው የጃፓኑ ጂኮ ነው። ይህ ድርጅት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1873 የስፌት መርፌ ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ ለብዙ የተቋረጡ ሞዴሎች ምትክ መርፌ ይሠራል። ውጭ አገር ካለ ዘመድ የሚያስመጣ ሰው ስሙን በአፍ ከመንገር ይልቅ የካርትሪጇን ፊትና ጎን ፎቶ አንስቶ ቢልክ ይሻለዋል፤ በአንድ ፊደል ወይም ቁጥር የሚለያዩ ሞዴሎች ብዙ ናቸው፣ የአንዱ መርፌም ለሌላው አይገባም።

ገላዋ ጭምር ከሞተች አዲስ መምረጥ ይመጣል። ለመደበኛ አድማጭ የዴንማርኩ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ እና የጃፓኑ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ለዓመታት የተፈተኑ ናቸው። ሁለተኛው ከ100 ዶላር በታች የሚገኝ ከመሆኑ ሌላ ለኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ልዩ ጥቅም አለው። በዚያች አንዲት ገላ ላይ ከተራው ድቡልቡል እስከ በጣም ስሱ ድረስ ስድስት ዓይነት መርፌ እየነቀሉ መሰካት ይቻላል፤ ከስድስቱ አንዱ በደቂቃ 78 ዙር ለሚሽከረከሩት የጥንት ሸክላዎች የተሠራ ነው። እነዚያ ሸክላዎች፣ ማለትም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 አካባቢ በጀርመን ከተቀዱበት ዘመን ጀምሮ የነበሩት፣ ቦያቸው ሰፊ ነው፤ 75 ማይክሮን ገደማ የሆነ ወፍራም ጫፍ ይፈልጋሉ። የዘመናዊው መርፌ ጫፍ 18 ማይክሮን ያህል ስለሆነ በሰፊው ቦይ ወለል ላይ እየተንከባለለ ጫጫታ ብቻ ያነሳል። ወፍራሙን በ45 ዙር ሸክላ ላይ ማሳረፍ ደግሞ ከዚያ ይከፋል፤ ቦዩን ይጨፈልቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት ራዲዮግራሞች (ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻን በአንድ ሣጥን ከያዙት) አንዱን የወረሰ ሰው ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። በውስጣቸው ያለችው ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ የሴራሚክ ነች፤ የምታወጣው ኃይል ከማግኔቷ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ክንዱም የሚጫነው ከ5 ግራም በላይ ሊሆን ይችላል። በእሷ ፋንታ ዘመናዊ ማግኔት ካርትሪጅ ቢገጠም ድምፁ አይሰማም፣ ዘንጉም በክብደቱ ይሰበራል። ለራዲዮግራም የሚበጀው ያንኑ ዓይነት ሴራሚክ ካርትሪጅ ፈልጎ መተካት ነው። ብርቅ ሸክላዎችን ግን በእሱ ላይ አለማጫወት ነው የሚሻለው፤ ያ ክንድ ከባድ ነው።

ሥራው ራሱ ረጋ ብሎ ለሚሠራ ሰው የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው። አምፕሊፋየሩ ይጠፋል፤ የመርፌው መከለያ ይደረጋል፣ ካርትሪጇ በብሎኖቹ እስክትታሰር ድረስም አይነሳም። የክንዱ ራስ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ መሥራት ይመረጣል፤ ሁለቱ ብሎኖችና ዳዶዎቻቸው ከወደቁ በምንጣፍ ላይ ተፈልገው አይገኙም። ማግኔት ያለባት ዕቃ ስለሆነች የብረት ካቻቪቴ ሲቀርባት በድንገት ይሳባል፤ ብዙ አዳዲስ መርፌዎች የተሰበሩት በዚች ቅጽበት ነው። ካቻቪቴውን ከላይ በኩል ማምጣት፣ ከተቻለም የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም ብሎን መጠቀም ይጠቅማል።

ሽቦዎቹ አራት ናቸው፤ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ፣ በጫፋቸው ትንንሽ መያዣ ያላቸው። ነጩ የግራ፣ ሰማያዊው የግራ መሬት፣ ቀዩ የቀኝ፣ አረንጓዴው የቀኝ መሬት ነው፤ ካርትሪጇም ጀርባዋ ላይ በዚሁ ቀለም ምልክት ተደርጎባታል። መያዣውን በወረንጦ ከአንገቱ ላይ ይዞ መሳብ እንጂ ሽቦውን መጎተት አይገባም። ወደ አዲሷ ካርትሪጅ ሲገባ ከጠበበ በጉልበት ከመግፋት ስቴኪኒ አስገብቶ ማላላት፣ ከሰፋ ደግሞ በወረንጦው በስሱ ጨመቅ ማድረግ ነው። ሽቦ ከመያዣው ቢበጠስ ብየዳው መያዣውን ከካርትሪጇ ነቅሎ ይሠራ። የካውያው ሙቀት በካርትሪጇ ውስጥ ያለውን የመዳብ ጥቅል ያቃጥለዋል።

ካርትሪጇ በሁለቱ ብሎኖች ላላ ብላ ከታሰረች በኋላ የሚመጣው ቦታ ማስያዝ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነውም ይኸው ነው። ሸክላው ፋብሪካ ውስጥ ሲቀረጽ ቀራጩ መሣሪያ ከዳር ወደ መሐል ቀጥ ባለ መስመር ነው የሄደው። የቤት ማጫወቻ ክንድ ግን በአንድ ጥግ ላይ ተተክሎ ቅስት እየሠራ ይሄዳል፤ ስለዚህ መርፌው ከቦዩ ጋር ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው በሁለት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው ስሌት ላይ በተመሠረተው፣ ዛሬ በብዛት በሚሠራበት መለኪያ እነዚህ ነጥቦች ከመሐሉ 66 ሚሊ ሜትርና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ ይገኛሉ። በወረቀት የታተመ መለኪያ ሳህኑ ላይ ተደርጎ መርፌው በሁለቱም ነጥብ ላይ በየተራ ያርፋል፤ የካርትሪጇ ጎን ከወረቀቱ መስመሮች ጋር በሁለቱም ቦታ እኩል እስኪሆን ድረስ ወደፊትና ወደኋላ ትገፋለች። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዱን ነጥብ ሲያስተካክሉ ሌላው ይሸሻል። የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማጫወቻ ባለቤቶች ግን ቀለል ያለ መንገድ አላቸው፤ የክንዱ ራስ ከሚታሰርበት የጎማ ቀለበት እስከ መርፌው ጫፍ 52 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፋብሪካው ያሰበው ቦታ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ፤ ሳይበዛ፣ ተራ በተራ፣ ካርትሪጇ እንዳትዞር በጣት ተይዛ።

ቀጥሎ ክብደት ነው። ከክንዱ ኋላ ያለው ሚዛን እየተሽከረከረ ክንዱ ሳይወድቅም ሳይነሳም አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ይያዛል፣ ከዚያ አምራቹ ወደሚለው ይዞራል። ለኦርቶፎን 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም፣ ለቪኤም95ኢ 2 ግራም ነው። ለዚህ ሥራ የተሠራች ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ርካሽ ስለሆነች አብራ ብትገዛ ገንዘቡ አይቆጭም። ሸክላ እንዳይዘል በክንዱ ራስ ላይ ሳንቲም መጫን የታወቀ ዘዴ ነው፤ መጥፎ ዘዴ ነው፣ የሸክላውንም የመርፌውንም ዕድሜ ያሳጥራል። ሸክላውን ላለመጉዳት ብሎ ክብደቱን በጣም መቀነስም እኩል ያስፈራል። የቀለለ መርፌ በከፍተኛው ድምፅ ላይ ከግድግዳው እየለቀቀ ተመልሶ ይወድቃል፤ በየውድቀቱም ቦዩን ይሰብራል። አምራቹ ከወሰነው ክልል ወደ ላይኛው ጠጋ ማለት ይሻላል። ክንዱን ወደ መሐል ከመሳብ የሚይዘው ማስተካከያም ከክብደቱ ጋር በእኩል ቁጥር ይደረጋል፤ ክንዱ ከሸክላው ጋር ትይዩ መሆኑም ከጎን ታይቶ ይረጋገጣል።

የመጀመሪያው ማጫወት በብርቅ ሸክላ አይደረግም። ማንም የማይሳሳለት አንድ ሸክላ ላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ይፈተናል፤ የመጨረሻው ዘፈን «ሰ» እና «ሸ» ጥርት ብለው ከወጡ ሥራው ተሳክቷል። አዲስ መርፌ በመጀመሪያዎቹ አሥርና ሃያ ሰዓታት ውስጥ ጎማው እየተፍታታ ድምፁ ይበልጥ ይለሰልሳል።

ከዚህ በኋላ ደስ የሚል ነገር ሊገጥም ይችላል። ድሮ በድቡልቡል መርፌ ብዙ የተጫወተና ያለቀለት የሚመስል ባለ 45 ዙር ሸክላ፣ ጫፉ በቀጠነ መርፌ ሲጫወት አንዳንዴ ባልተጠበቀ ጥራት ይናገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀጭኑ ጫፍ የሚነካው የግድግዳ ክፍል የድሮው መርፌ ያልደረሰበት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ያለው ድምፅ አልተነካም። ሁልጊዜ አይሆንም፣ ግን «ሞቷል» ተብሎ የተጣለን ሸክላ ሳይሞክሩ መፍረድ አይገባም።

በቤታችሁ የቤተሰብ ሸክላ ካለ፣ መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ማጫወቱን ለጊዜው አቁሙ። መርፌውን ቀይሩ፣ የቀየራችሁበትን ቀን በማጫወቻው ጀርባ ላይ በወረቀት ለጥፉ፣ ሸክላዎቹን እጠቡ። ከዚያ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ቅዱ፤ በተለይ በሲዲም በኢንተርኔትም ያልወጡትን።